ጉም ያልገባበት ብየዳ

ካርባይድ ውሃ ሲነካው የሚወጣውን ሽታ አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፤ የሚበላ ነገር ግን አይደለም። ልብስ ላይ ያድራል፣ ጸጉር ውስጥ ይቀመጣል። እናቴማ «ትራስህ ሳይቀር ከረፋ እኮ!» እያለች ማታ ማታ ትነጫነጭብኝ ነበር። እኔ የልጅነቴን እኩሌታ ያሳለፍኩት በዚያ ሽታ ውስጥ ነው። ዛሬም ድንገት ባፍንጫዬ ውልብ ካለ፣ ስልሳ ሊሞላው የተቃረበውን ሰውዬ ገሸሽ አድርጎ ያ ቀጫጫ ልጅ ብቅ ይላል።

ጎረቤላን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። የማታውቁ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ፣ አገር አለቀ ብላችሁ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት፤ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታ ቅርብ ነው። ከታች አልዩ አምባ፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ እስከ አዋሽ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ይታያል ያልኩት እንግዲህ ጉሙ ከፈቀደ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ይወጣና ገደሉን ሞልቶ፣ መንገዱን አልፎ፣ ቤት ውስጥ ይገባል። በር ከፍታችሁ ከተዋችሁት ምድጃው ድረስ ይመጣል።

በዚያች ከተማ መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረች። ጋራዥ ማለቴ ለክብሯ ነው፤ አንድ በር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሞርሳ፣ ጥግ ላይ ለብየዳው የሚሆነው የካርባይዱ ጋን፣ ከበሩ ኋላ በሰንሰለት የታሰረ የኦክሲጂን ሲሊንደር፣ በቃ ይኸው ነው። መብራት የላትም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቤንዚን በኩፖን፣ መለዋወጫ ዕቃ ከአዲስ አበባ፣ እሱም ከተገኘ። አንድ ነገር ከተሰበረ ወይ ይበየዳል፣ ወይ መኪናው በቆመበት ሣር ይበቅልበታል። እኔ ጠዋት ተማሪ፣ ከሰዓት የጋራዧ ልጅ ነበርኩ። ደሞዝ የለኝም። ገብስ ቆሎና ሻይ ግን አይጎድልብኝም።

ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ ብላቸው ይበቃል። አዲስ አበባ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ዓመታት ሠርተው የተመለሱ ሰው ናቸው። ንግግራቸው ግማሹ የመንዝ ግማሹ የጣሊያን ነበር፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሊማ፣ ቴስታታ፣ ካምቢዮ። እኔ ሁሉም የአንኮበር አማርኛ እየመሰለኝ አደግሁ። አባታቸው ግን ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አያቴ ይህን የአባታቸውን ነገር ታውቃለች፤ ስለዚህ ጋራዥ መዋሌን አትወደውም። «ከባለእጅ ቤት ምን አገባህ? ዓይን ያርፍብሃል!» ትለኛለች። አንገቴ ላይ ክታብ አሰረችልኝ። ክታቡን አድርጌ እሄዳለሁ፣ የጋሼን ሚስት የእትዬን ቆሎ ሙልጭ አድርጌ በልቼ እመለሳለሁ። ጋሼ ክታቡን ያዩታል፤ ምንም አይሉም። አንድ ቀን ብቻ፣ የብየዳው ችቦ አጠገብ ጎንበስ ስል፣ «እሱን ነገር ወደ ኋላ አዙረው፤ እሳት ይነካዋል» አሉኝ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ሆዴን ይበላኛል። ምኒልክ እኮ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ከአዲስ አበባ አያቴ ቤት ድረስ ሳይመጣ ቀርቷል። ያውም በዚያው በምኒልክ በራሱ ከተማ፣ በአንኮበር! ያ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ እኮ ነው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሁለት የአገሩን ባለሙያዎች አስከትሎ በ1871 ዓ.ም. ንጉሡ ዘንድ የቀረበው። የፈረንጅ ባለእጅ ሲመጣ ግብር ይበላል፣ ያገሬው ባለእጅ ሲመጣ ክታብ ይታሰርለታል። እንዲህ ነን።

አሉሚኒየምን ያስተዋወቁኝ ጋሼ ናቸው፤ በማግኔት። አንድ ቀን አንዲት የተፈታች የድምፅ ማጉያ ማግኔት ሰጡኝና «ሂድ፣ እዚያ የቆመው ላንድሮቨር ላይ ለጥፋት» አሉኝ። ሮጥኩ። በሩ ላይ ባደርጋት ትወድቃለች። ፓራፋንጎው ላይ ባደርጋት ትወድቃለች። ሻንሲው ላይ ስትደርስ ጧ ብላ ተጣበቀች። ተመልሼ ብነግራቸው ሳቁ። «ላዩ ብረት አይደለማ! ብረት ነው ብለህ እሳት ብትለቅበት ዓይንህ እያየ መሬት ይፈስልሃል።»

ኋላ ከመጽሐፍ እንዳገኘሁት ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች ላንድሮቨርን እ.ኤ.አ. በ1948 ሲያወጡ ጦርነቱ አልቆ ብረት በራሽን ነበር፤ ለአውሮፕላን ይሠራ የነበረው አሉሚኒየም ግን ተርፏቸዋል። ገላውን ቢርማብራይት ከሚባል፣ ማግኒዥየም ከተቀላቀለበት አሉሚኒየም ሠሩት። ሻንሲው ብረት፣ ገላው አሉሚኒየም፣ የካምቢዮው (የማርሹ) ቤትም በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም። እንግዲህ ያኔ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚንገዳገደው ሁሉ ይህ መኪና ነው። እኛ በር ላይ የማይደርስ ስብራት አልነበረውም።

ብረት የለመደ ሰው አሉሚኒየም ያታልለዋል። ብረት ሲሞቅ ይቀላል፣ ብርቱካን ይሆናል፣ ነጭ ይሆናል፤ ልቅለጥ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። አሉሚኒየም እስከ 660 ዲግሪ ድረስ ያው ነጭ ነው፤ ድንገት ተንዶ እግር ሥር ይወድቃል። በዚያ ላይ ገላው ሁልጊዜ ስስ ዝገት ለብሷል። ዝገት ስላችሁ ቀዩን እንዳታስቡ፤ ይሄኛው አይታይም። ይህ የማይታይ ልብስ የሚቀልጠው ግን 2050 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውስጡ ቀልጦ ውሃ ሆኖ ላዩ ጠጣር ሆኖ ይቆያል፤ ሁለቱ ጫፎች እሳት ውስጥ ተያይተው አይነካኩም። ጋሼ ቁጥሩን አያውቁም። የሚያውቁት ልብሱን ነው። በሽቦ ብሩሽ ይቦርሹታል፤ ያ ብሩሽ ብረት ነክቶ ከሆነ ግን ወዮልኝ! የአሉሚኒየሙ ብሩሽ ለብቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር የሚቀመጠው። ከዚያ «መድኃኒት» የሚሉትን ነጭ ዱቄት ይቀቡታል፤ ልብሱን የሚበላው እሱ ነው። መድኃኒቱ እሳት ሲነካው ብርቱካንማ ብርሃን ይፈነጥቅና ዓይን ያጠፋል። ጋሼ በዚያ ብርሃን ውስጥ ምን ያዩ እንደነበረ ለእኔ ዛሬም ምስጢር ነው።

አሁን ወደዚያ ነሐሴ ልውሰዳችሁ።

ፍልሰታ ላይ ነን። የአንድ መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ከአልዩ አምባ ሽቅብ ሲወጣ ድንጋይ ከሥሩ መትቶት የካምቢዮው ቤት ተሰንጥቆ፣ ኦሊዮ እያንጠባጠበ፣ ግማሹን መንገድ በሰው ተገፍቶ መጣ። ካምቢዮውን ማውረዱ ብቻ እስከ ማታ ፈጀ። በማግሥቱ ጉሙ አልተነሳም። ጋሼ ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጣታቸውን አሻሽተው እርጥበቱን አዩት፤ «ዛሬ አይሆንም» አሉ።

ከመኪናው ጋር የመጣው አለቃ ጮኸ። ጊዜው የሚጮህበት ጊዜ ነበር። ሥራ ማደናቀፍ አለ፣ አብዮት አለ፣ ቀበሌ እወስድሃለሁ አለ። ጋሼን «አንተ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ልጁ ይሆናል እኮ በዕድሜ! ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ጋሼ ትንሽ ቆዩና «ይሁን» አሉ። ችቦውን ለኮሱ። በጉሙ መሃል በየዱት።

ሲያዩት ደህና ነበር። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ሞገዱ እኩል የሆነ። ኦሊዮ ሞልተን ስንፈትሸው ግን ከብየዳው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አንድ ቦታ አይደለም፤ ብዙ ቦታ ነው። አለቃው ዝም አለ። ጋሼ አልተቆጡም፣ አልተሳለቁም። መሮ አነሱና የበየዱትን መልሰው ፈለፈሉት። አንድ ቁራጭ ተገምሶ ሲወጣ ወደ እኔ ዘረጉልኝ፤ «ተመልከት» አሉኝ።

ስብራቱ የእንጀራ ዓይን ነበር የሚመስለው። ከላይ ድፍን፣ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ በቀዳዳ። «ይህ ሁሉ ጉም ነው» አሉኝ፤ «ጉም ገብቶ ነው።» የአገሩ ሰው ከንቱ ልፋትን «ጉም መዝገን» ይላል። እኛ ያን ቀን ዘግነነው፣ አሉሚኒየም ውስጥ ቆልፈንበት ቁጭ አልን።

ከዓመታት በኋላ ይህንኑ ነገር አስተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ብድግ ብዬ ልጮህ ነበር። እርጥበት እሳት ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጂን ይለቅቃል። የቀለጠ አሉሚኒየም ሃይድሮጂን ይጠጣል፤ ሲረጋ ግን የመያዝ አቅሙ 20 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። መውጫ ጊዜ ያጣው ጋዝ እዚያው ታፍኖ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። እርጥበቱ ከአየር ብቻ አይመጣም፤ ዕቃው ላይ የተኛው ጤዛ፣ መሙያው ዘንግ፣ ይልቁንም ያ መድኃኒት የሚሉት ዱቄት ራሱ ከአየር ውሃ ይስባል። ቅባትና ላብ እንኳ ይበቃዋል። ቀዳዳው በበዛ ቁጥር ጭነቱን የሚሸከመው ሥጋ ይቀንሳል። በመልኩ የሚታወቅ ነገር የለም።

ያን ማታ ጋሼ የካምቢዮውን ቤት ተሸክመው ቤታቸው አስገቡት። ዱቄቱንም፣ ዘንጎቹንም። እትዬ ምድጃው ዳር ሽሮ ጥደው ነበር። «ይሄን ደግሞ ልታስተኛው ነው? እኔ ልነሳለት?» አሉ። ጋሼ «አዎ፣ አንድ ሌሊት ነው» አሉ፤ ሳቅ የለም። የላንድሮቨር ካምቢዮ ምድጃ ዳር በቁርበት ላይ አደረ። እኔም እዚያው አደርኩ። የሽሮው ሽታ፣ የሚደርቀው የኦሊዮ ሽታ፣ የባህር ዛፉ ጭስ፤ እትዬ በየመሃሉ ብድግ ብለው «ላብ ያወጣል እንዴ?» እያሉ በመቀነታቸው ጫፍ ሲያብሱት አይቻለሁ። እውነትም ላብ ያወጣ ነበር። ብርድ የጠገበ ዕቃ ሙቀት ላይ ሲመጣ ያልበዋል።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣች። ከሰል በሰፊው ተቀጣጠለ፤ የካምቢዮው ቤት ከነሁለመናው ከሰሉ ላይ ተቀመጠ። ስንጥቁ አጠገብ ብቻ ማሞቅ አይበቃም፤ አንዱ ወገን ሲሰፋ ሌላው ካልሰፋ፣ ሲበርድ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። ጋሼ ከኪሳቸው የልብስ ሳሙና ቁራጭ አውጥተው ላዩ ላይ አሰመሩበት። ጠበቅን። መስመሩ ቡና መሰለ፣ ከዚያ ጠቆረ፤ የሚቃጠል ሳሙና ሽታ ጋራዧን ሞላት። «አሁን» አሉ። ያ የሳሙና መስመር ቴርሞሜትራቸው ነበር፤ ሲጠቁር 300 ዲግሪን አልፏል ማለት ነው።

የእሳቱን አፍ አስተካከሉ፤ ኦክሲጂን እንዳይበዛ ተጠነቀቁ፤ የበዛ እንደሆነ ያ የማይታየው ልብስ ይወፍራል። መሙያ ያደረጉት ከአሮጌ ፒስተን በመጋዝ የተቆረጠ ዘንግ ነው። ለምን ፒስተን ብላቸው «ደህና ይፈሳል፣ ሲበርድም አይሰነጠቅም» አሉኝ። መልሱ ሲሊከን ነው፤ ፒስተን ውስጥ በብዛት አለ። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው 4043 የሚባለው ዘንግም 5 በመቶ ያህል ሲሊከን ያለበት ነው። አንድ ጥግ ላይ ቸኩለው መሰለኝና ቆም አሉ፤ ለራሳቸው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ችቦውን መለሱት። መጨረሻው ላይ ደርሰው ወዲያው አላነሱትም፤ ጫፉን በዘንጉ ሞልተው ነው ቀስ ብለው የተዉት። ባዶ ጉድጓድ ከቀረ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራልና። ከዚያ ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበሩት። ማታ አውጥተን በፈላ ውሃ ደጋግመን አጠብነው፤ መድኃኒቱ ከቀረበት አሉሚኒየሙን ቀስ እያለ ይበላዋል።

አንዲት ጠብታ አልወጣችም። አለቃው ሒሳብ ከፈለ፤ ምስጋና አልነበረም። ሾፌሩ ግን ዞር ብሎ የጋሼን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ያ ላንድሮቨር ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በበራችን ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ሾፌሩም ጡሩምባ ሳያሰማ አያልፍም።

እኔ አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ የገባሁት የ1977ቱ ድርቅ ሰሞን ነው፤ ዕርዳታ የጫኑ መኪናዎች በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ሰሜን የሚግተለተሉበት ጊዜ። ጋሼ ሲሸኙኝ ያቺን በጨርቅ የተጠቀለለች ብሩሽ ሰጡኝ። «ብረት እንዳታስነካት» ብቻ ነው ያሉኝ።

ተግባረ ዕድ ያወቅሁት አዲስ ነገር ቁጥር ነው። ናሙና በይደን፣ ቆርጠን፣ መጎተቻ ማሽን ላይ አስረን እስኪበጠስ እንስበዋለን። 6061 የሚባለው የአሉሚኒየም ዓይነት ማግኒዥየምና ሲሊከን ያለበት ነው፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ170 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት በስሎ ነው። ያልተበየደው 310 ሜጋፓስካል ገደማ ይሸከማል፤ በእኛ አነጋገር በአንድ ሚሊሜትር ካሬ 31 ኪሎ ያህል። ሲበየድ ግን የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ደንብ ከመገጣጠሚያው የሚጠብቀው ትንሹ ልክ 165 ነው። ግማሽ በሉት። ልብ በሉ፤ ይህ በደንብ ለተበየደው ነው!

የሚበጠስበት ቦታ ደግሞ ሌላ ነው። ሁላችንም ብየዳው ላይ ይበጠሳል ብለን ዓይናችንን ተክለን እናያለን፤ እሱ ከብየዳው ወዲያ ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ፣ ምንም ያልተነካ በሚመስለው ገላ ላይ ይቀጥናል፣ ይላሽቃል፣ ይበጠሳል። ምድጃ ውስጥ በትዕግሥት የበሰለውን ጥንካሬ የችቦው ሙቀት አልፎበት አፍርሶታል። ስለዚህ ጉዳዩ ምን ያህል ሙቀት ገባ፣ ምን ያህልስ ቆየ ነው። በኤሌክትሪክ ሲበይድ አምፔሩን ከፍ አድርጎ እጁን የሚያዘገም በያጅ የሚላሽቀውን ቦታ ያሰፋዋል። አምፔሩን ቀንሶ የሚሮጥ ደግሞ ላዩ ላይ ያንጠፈጥፈዋል እንጂ አያዋሕደውም፤ ስታጥፉት ከሥር ይከፈታል። ልኩ መሃል ላይ ያለ ጠባብ ቦታ ነው፤ በዕቃው ውፍረት፣ በዓይነቱ፣ በአየሩ ይለያያል። ኋላ እኔም አስተማሪ ሆኜ ስንት ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር ያን ቦታ ስንፈልግ ኖርን። በአርጎን ጋዝ እየከለልን ስንበይድ መስኮት ከፍቶ ንፋስ ያስገባ ተማሪ ጋዙ ተገፍቶበት ጥቁር አመድ ይሠራል፤ ጋዙን አብዝቶ የከፈተም ያው ነው፤ ጋዙ ይናወጥና አየር ይዞ ይገባል።

ከተማሪዎቼ አንዱ የጋሼን የሳሙና ዘዴ ከእኔ ሰምቶ 6061 ላይ ሊሞክር ሲነሳ አስቆምኩት። ለዚህ ዓይነቱ ከ120 ዲግሪ በላይ አስቀድሞ ማሞቅ አይመከርም፤ ያለውን ጥንካሬ ሳትበይደው ትጨርሰዋለህ። የካምቢዮው ቤት በቅርጽ የፈሰሰ ወፍራም ዕቃ ስለነበረ ነው ያ ሁሉ ሙቀት የበጀው። የላንድሮቨሩ ገላ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ማግኒዥየም ያለበት ዓይነት በምድጃ አይጠነክርምና ብየዳ የሚያሳጣውም ያንሳል። ጋሼ ሦስቱን በስም አይለዩም፤ ግን ስስ ገላ ሲበይዱ ሳሙና ሲያወጡ አንድ ቀን አላየሁም። ይህ የገባኝ ካስተማርኩ በኋላ ነው።

ቦሌ ሃንጋር ውስጥ ተማሪ ይዤ ገብቼ የአውሮፕላን ክንፍ በእጄ ስዳስስም ጋሼ ትዝ አሉኝ። ከላይ እስከ ታች ሪቬት ነው! 2024 እና 7075 የሚባሉት የአውሮፕላን አሉሚኒየሞች በጣም ጠንካሮች ናቸው፤ ቀልጠው ሲረጉ ግን ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ እንደ ልብ አይበየዱም፤ ይሰፋሉ። ጋሼም ጭነት የሚያርፍበት ስስ ገላ ሲመጣላቸው «ይሄ በሪቬት ይለበጥ» ነበር የሚሉት። ደምበኛው ለብየዳ ብር ይዞ መጥቶ ሳለ ማለት ነው።

አሁን የጋሼ አባት ጋ ልመለስ፤ አልረሳሁትም። እ.ኤ.አ. በ1991 እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ አጠገብ ባለው የብየዳ ተቋም አሉሚኒየምን ሳያቀልጡ የሚበይዱበት ዘዴ ተፈለሰፈ። ጠንካራ ቡጥ በሁለቱ ጠርዞች መካከል እየተሽከረከረ ይገባል፤ በሰበቃው ሙቀት አሉሚኒየሙ ይለሰልሳል እንጂ አይቀልጥም፤ ቡጡ እያማሰለው ይሄዳል፣ ከኋላው ይጋጠማል። ስላልቀለጠ ያ የሃይድሮጂን ቀዳዳ የለም፣ ሲረጋ የሚመጣው ስንጥቅም የለም። 2024ም 7075ም በዚህ ይበየዳሉ። እርግጥ እሱም ልክ አለው፤ ቡጡ በፍጥነት ዞሮ በዝግታ ከተጓዘ ሙቀቱ በዝቶ ያላሽቃል፤ በዝግታ ዞሮ ከሮጠ ውስጥ ለውስጥ ያልተዘጋ መሿለኪያ ይተዋል።

ይህን ያነበብኩ ሰሞን ለገና አንኮበር ወጣሁ። ጋሼ አርጅተዋል፤ ችቦ ትተዋል፤ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እትዬ ጠላ ቀድተውልን ቁጭ ብዬ በእጄ እያሳየሁ አስረዳኋቸው፤ ሳይቀልጥ፣ ለስልሶ፣ ተገፍቶ፣ ተጋጠመ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ «ታዲያ አባቴ ምን ይሠሩ ነበር?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እውነት ነው። ማረሻ ቀጥቃጩ አባታቸው ያለቀ ማረሻ ላይ አዲስ ብረት ደርበው፣ ወናፉን አስነፍተው፣ አፈር ነስንሰውበት፣ ነጭ ሆኖ ብልጭ ሲል አውጥተው ሰንዳን ላይ በመዶሻ ነበር የሚያዋሕዱት። አላቀለጡትም። ለስልሶ፣ ተገፍቶ፣ ተጋጠመ። አያቴ ክታብ ያሰረችበትን ጥበብ ፈረንጅ በሌላ መንገድ ዞሮ መጣበት፤ እኔም በመጽሐፍ አንብቤ ለልጃቸው ላስተምር ሄድኩ።

ጋሼ ካረፉ ዓመታት ሆነ። ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፤ የአሉሚኒየም በርና መስኮት በየመንገዱ ዳር ይገጣጠማል፣ የአርጎን ማሽንም እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም። ወጣት በያጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ መሣሪያቸው ከጋሼ ችቦ መቶ እጅ ይሻላል። ችግሩ ደምበኛው ነው። የሚያየው ሞገዱን ነው፤ ሞገዱ ካማረ ይከፍላል።

እንግዲህ የአሉሚኒየም ዕቃ ያላችሁ ስሙኝ። የተሰበረ መሰላል አታስበይዱ፤ ደጋግሜ እላችኋለሁ፣ አታስበይዱ፣ ጣሉት። የመኪና ቸርኬም ያው ነው፤ ብየዳው ቢይዝ አጠገቡ ያለው ገላ ላሽቋል፣ ያውም ልጆቻችሁን ጭናችሁ ነው የምትነዱት። ለሌላው ዕቃ ግን በያጁን ከዚያው ዓይነት ብጣሽ ላይ አስቀድሞ እንዲበይድና በሞርሳ አስሮ ፊታችሁ እንዲሰብረው ጠይቁት፤ ለብጣሹም ክፈሉት። ስብራቱን እዩ እንጂ ላዩን አትዩ። ክረምት ከሆነና «ዛሬ አይሆንም» ካላችሁ ደግሞ አትጩሁበት፤ ዕቃውን ደረቅ ቤት አሳድሩና ነገ ተመለሱ።